ስልኬን የሰጠሁት መልስ እንድትሰጡኝ ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣችሁን ከሰፈራችን አዟሪ ተከራይቼ የማነብ ጡረተኛ ነኝ። አዎ፣ ተከራይቼ። ቡና እየጠጡ አንብቦ መመለስ ገና አልቀረም፤ ለእናንተ ኪሳራ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ይቅር በሉኝ።

27 ዓመት የሠራሁት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። ደብዳቤ መቀበል፣ ቁጥር መስጠት፣ ፋይል ማውጣት፣ ፋይል መመለስ፣ አቧራ መዋጥ። ሥራዬ ይኸው ነበር። አሁን ከመስኮቱ ወዲህ ቆሜያለሁ፤ ባለጉዳይ ሆኛለሁ ማለት ነው። ከወዲህ ሆኖ ሲታይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ተቀምጬ ያላየሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

ከቤቴ አጠገብ ሕንፃ እየተሠራ ነው። አሸዋና ጠጠር የሚያወርዱት የጎርፍ መውረጃው ቦይ ላይ ነው። ክረምት ላይ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ እኛ ዞረ። የጎረቤቴ የሳሎን ምንጣፍ ተንሳፈፈ፤ የኔ ደግሞ ከሰል ያስቀመጥኩበት ጓዳ ኩሬ ሆነ። ለፎርማኑ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። «እሺ ፋዘር» አለኝ። «እሺ ፋዘር» ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ።

ቅሬታ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቷል። ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ያለው፣ በማስመሪያ የተሰመረ፣ እኛም ዘመን የነበረው ዓይነት። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የቅሬታው ፍሬ ነገር፣ ፊርማ። እስክሪብቶው እንዳይሰረቅ በሲባጎ ከጠረጴዛው እግር ጋር ታስሯል። እሱን ሳይ ሳቄ መጣ። እስክሪብቶዋ ታስራለች፣ የሰው ስምና ስልክ ግን ተለቋል።

ተራዬ እስኪደርስ ከኔ በፊት የጻፉትን አነበብኩ። ፈልጌ አይደለም፣ ዓይን ስላለኝ ነው። ከኔ መስመር በላይ አንዲት ሴት አከራይዋ ማታ ማታ በሯን እያንኳኳ እንደሚያስቸግራት ጽፋለች። ስሟ ከነአያቷ፣ የቤት ቁጥሯ፣ ስልኳ፣ ሁሉም በሚያምር የእጅ ጽሕፈት። ከሷ በላይ ያለው ስለ ግብር ነው፣ እሱን ተዉት። ከኋላዬ የቆመው ጎረምሳ ደግሞ እኔ ስጽፍ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ «ፋዘር፣ ጎርፍ ነው እንዴ? ውይ!» አለኝ። አዝኖልኝ ነው፣ አልተቀየምኩትም። ግን የሱን ሐዘኔታ ፈልጌ አልነበረም የሄድኩት።

የዚያኑ ዕለት ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ዜና እያየሁ፣ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? የሕንፃው ባለቤት ነኝ። ምን በደልንዎት?»

ድምፁ ትሁት ነው። ወጣት ይመስላል። ስልኬን ከየት እንዳገኘው ጠየቅኩት። «ከቢሮ ሰጡኝ እኮ» አለ፣ ምንም ሳያፍር፣ የታክሲ ዋጋ እንደሚነግር ሰው። «እንድንነጋገር ብለው ነው። ነገ ጠዋት ቤትዎ ብመጣስ? ቤቱን አውቄዋለሁ።»

ክፉ ቃል አልወጣውም። ልብ በሉልኝ፣ አንድም ክፉ ቃል። ግን «ቤቱን አውቄዋለሁ» የምትለዋ ነገር ሆዴ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ባለቤቴ በዚያ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነስታ የግቢውን በር አየች። እኔ ደግሞ ያቺን ሴት ነበር የማስበው፣ ከኔ በላይ ባለው መስመር የጻፈችውን። የሷም አከራይ «እንድንነጋገር ብለው ነው» ብሎ ደውሎላት ይሆን? ያውም እሱ መደወል አያስፈልገውም፤ በሩ ጎን ለጎን ነው።

በማግስቱ ተመልሼ ቢሮ ሄድኩ። መዝገቡ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። ስልኬን ለምን እንደሰጠብኝ ስጠይቀው ደነገጠ። ጥፋቱን ስላወቀ እንዳይመስላችሁ፤ ጥያቄዬ ስላልገባው ነው። «ጋሼ፣ ብትስማሙ ብለን እኮ ነው። ጎረቤት አይደላችሁ?» አለኝ።

እውነቱን ልናገርና የልጁ ዘዴ ለኔ ሠርቷል። ባለሕንፃው ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ መጣ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ በሦስተኛው ቀን አሸዋው ተነሳ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። አገራችን የሽምግልና አገር ናት፤ ሁለት ሰው ከተጣላ ፊት ለፊት ይቀመጥና ይነጋገር ነው ነገሩ። ልጁም ያደገው በዚህ ነው፣ እኔም እንደዚያው። ግን ሽማግሌ ፊት ስትቀመጥ ሽማግሌ አለ። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚቀመጥ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ የሚያይ ሰው መሐል ላይ አለ። ስልክ ቁጥር ቀድቶ ለተከሳሽ መስጠት ግን ሽምግልና አይደለም። ደግሞ እኔ ሦስት ወንዶች ልጆች ያሉኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀኝ ሽማግሌ ነኝ። ያቺ ተከራይ ማን አላት?

ልጁ ላይ ብቻ ጣቴን እንዳልቀስር ደግሞ የራሴ ጉድ አለ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ይሆናል። አንድ የሰፈሬ ልጅ፣ እዚያው እኛ መሥሪያ ቤት ሌላ ክፍል የሚሠራ፣ ወደ መዝገብ ቤት መጣ። «ማን ነው የከሰሰኝ?» አለኝ። የሆነች ሴት ጉዳይዋን ለማስኬድ ገንዘብ ጠየቀኝ ብላ ማመልከቻ አስገብታበት ነበር። እኔ ራሴ ነኝ ተቀብዬ ቁጥር የሰጠሁት። ፋይሉን አወጣሁና ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጥኩለት። «ቶሎ በል» ብቻ ነው ያልኩት። ስሟንና አድራሻዋን በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ጻፈ። ሻይ ጋበዘኝ። ጠጣሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴትዮዋ መጣች። ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባለች። «ልጄ፣ ያችን ወረቀቴን መልስልኝ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አልመለስኩላትምም፤ ገቢ ሆኖ ቁጥር የተሰጠው ወረቀት አይመለስም፣ ደንብ ነው። ደንብ ያከበርኩት እዚያ ላይ ነው እንግዲህ። ትንሽ ቆማ አየችኝና ሄደች። ማን እንደነገረባት የገባት ይመስለኛል።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለሕንፃው «ከቢሮ ሰጡኝ እኮ» ሲለኝ ነው ትዝ ያለኝ።

ስለ ግልባጭ ደግሞ ላውራ፣ ምክንያቱም ይህ ነገር ከመዝገቡም ይብሳል። ማመልከቻ ስታስገቡ ቢሮው መልስ ይጽፋል፣ ከጻፈ። ደብዳቤው ላይ «ጉዳዩ፦ አቶ እገሌ ያቀረቡትን ቅሬታ ይመለከታል» ይልና ከሥር «አመልካች በስልክ ቁጥር ይህን፣ በቤት ቁጥር ይህን የሚገኙ ሲሆን» እያለ ይቀጥላል። ከዚያ መጨረሻ ላይ፣ በግራ በኩል፣ «ግልባጭ» ተብሎ ይደረደራል። ለአመልካቹ፣ ለኃላፊው፣ ለምክትሉ፣ ለሚመለከተው ቡድን፣ ለተከሰሰው ወገን፣ ለመዝገብ ቤት። አንድ ሰው ጥያቄ ጠየቀ ተብሎ ስልኩ ስድስት ቦታ ይደርሳል። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ግልባጮቹን በየፋይላቸው የማስገባው እኔ ነበርኩ። ከስድስቱ ውስጥ ስልኩን ማወቅ የሚያስፈልገው አንዱ ብቻ ነው፤ መልሱ ሲደርስ ደውሎ «ይምጡ» የሚለው ሠራተኛ። ብዙ ጊዜ የማይደውለውም እሱ ነው።

የተከሰሰ ሰው ምን ተብሎ እንደተከሰሰ አይወቅ አላልኩም። ማወቅ አለበት፣ መልስ መስጠት አለበት፤ ሰው በጨለማ አይወቀስም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ማን እንደከሰሰውም ያውቃል። ግን «ቦዩ ላይ አሸዋ አውርደሃል፣ አንሳ» ለማለት የኔ የቤት ቁጥር ምን ይሠራል? አሸዋው ይታያል። ሄዶ ማየት ነው።

ቆሎውን ላምጣው አሁን።

ከታክሲ መያዣው ጥግ ቆሎ የምትሸጥ ሴት አለች። በብርጭቆ ትሰፍርና ወረቀት ጠቅልላ፣ እንደ ጥሩንባ አድርጋ፣ እሱ ውስጥ ትገለብጥላችኋለች። ዕድሜ ልኬን ከወረቀት ጋር ስለኖርኩ ጥቅሉን ፈትቼ ሳላይ አልጥልም፤ አመል ነው። አብዛኛው የተማሪ ደብተር ነው። አንድ ቀን ግን የማመልከቻ ፎርም ወጣ። ከመሐል ተቀዷል፤ የቀረው ግማሽ ላይ የአመልካቹ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ ከዚያ «የጥያቄው ምክንያት» በሚለው ቦታ የነፃ ሕክምና ወረቀት እንዲጻፍለት መጠየቁና የታመመው ሕመም በስሙ ተጠርቶ ተጽፏል። ሰማያዊ ማህተም ግማሹ ይታያል። ቆሎው ዘይት ስለነበረው ስሙ ላይ ወዝ አለ።

ወረቀቱን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኳት። «ከሱቅ በኪሎ ነው የምገዛው፣ ምነው ቆሸሸብህ?» አለችኝ። ሱቁ ከቆራሌው ይገዛል። ቆራሌው ከየት ይገዛል? እኔ ልንገራችሁ። ቢሮ ሕንፃ ሲቀይር፣ ወይም መጋዘን ሲሞላ፣ ወይም አዲስ ኃላፊ መጥቶ «ይህን ሁሉ ቆሻሻ አንሱልኝ» ሲል፣ ካርቶን በካርቶን ይወጣል። ሰነድ የሚወገድበት ሥርዓት አለ፤ ወመዘክር ይባል የነበረው፣ ዛሬ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የምንለው ተቋም የሚመራበት አዋጅ ሰነድ ዝም ብሎ እንዳይጣል ይላል። አዋጁ የታሰበው በዋነኝነት ለታሪክ የሚሆን ሰነድ እንዳይጠፋ ነው። ጥሩ ነው። ግን ለታሪክ የማይሆነውስ? የዚያ የታመመ ሰው ፎርም ታሪክ አይሆንም ብዬ እገምታለሁ። ቆሎ መጠቅለያም መሆን አልነበረበትም። ቆሎውን ኪሴ ውስጥ ገልብጬ ወረቀቱን ቤት ወሰድኩና ከሰል ላይ ጣልኩት።

አሁን ደግሞ «ይህ የወረቀት ዘመን ችግር ነው፣ ዲጂታል እየሆንን ነው» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። ልጄም ይህንኑ አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የአንድ መሥሪያ ቤት የቴሌግራም ገጽ አሳየኝ፣ እንዴት ፈጣን እንደሆነ ለማሳመን። እውነትም ፈጣን ነው። አንድ ሰው ጥያቄ ልኳል፣ ቢሮው የሰውየውን መልእክት ስክሪን ሾት አንስቶ፣ ከነስሙ፣ ከነፎቶው፣ ከነስልኩ፣ ከሥሩ መልሱን ጽፎ ለተከታዩ ሁሉ ለጥፎታል። «ጥያቄዎን ስላደረሱን እናመሰግናለን» የሚል የእጅ ምልክት አለበት። ወዲያው ከሥሩ ሌሎች ሰዎች፣ መልስ ያገኛል ብለው፣ የየራሳቸውን ስልክ ደርድረዋል። አንዱ የፋይዳ ቁጥሩን፣ 12ቱንም አኃዝ፣ እዚያው አስቀምጦታል። ማንም «ኧረ አንሳው፣ በውስጥ መስመር ላክልን» አላለውም። መዝገቡ ያው መዝገብ ነው፤ ከኋላዬ አንገቱን ያሰገገው ጎረምሳ ብቻ ነው የበዛው።

እንዲህ ያለ ዝርዝር እጁ የገባ ሌባ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። «ከቢሮ ነው የምንደውለው፣ ባለፈው ሳምንት ያስገቡት ቅሬታ ታይቷል፣ ስልክዎ ላይ የገባውን ኮድ ይንገሩን» ይላል። ቅሬታ ማስገባቴን ካወቀ፣ ስለ ምን እንደሆነም ከነገረኝ፣ ለምን አላምነውም? እኔ ራሴ የምነግረው ይመስለኛል።

ሕጉስ ምን ይላል ካላችሁ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ ስላለኝ አነበብኩት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የሰው የግል ሕይወት የተከበረ ነው ይላል። ይህ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ከዚያ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አጸደቀ፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ረጅም አዋጅ ነው፣ ግን ልቡ ቀላል ነው። ከሰው መረጃ ስትወስድ ለምን እንደምትወስድ ንገረው። ለነገርከው ሥራ ብቻ ተጠቀምበት። ከሚያስፈልግህ በላይ አትውሰድ። ሥራው ሲያልቅ አታከማች። ሰውየው «ስለኔ ምን ያዛችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ አሳየው፣ ስህተት ካለው አርምለት። መረጃው ካመለጠህ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አሳውቅ። ይህ የሚሠራው ለባንክና ለኩባንያ ብቻ አይደለም፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም ነው። ለፀጥታና ለወንጀል ምርመራ የተተዉ በሮች አሉበት፣ እነሱን አላነሳም። የኔ ቦይ የፀጥታ ጉዳይ አይደለም።

ያን መዝገብ የሚይዘውን ልጅ አዋጁን ሰምቶት እንደሆነ ጠየቅኩት። «እሱ የኮምፒውተር ሰዎችን ነው የሚመለከተው» አለኝ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የመረጃ ጥበቃ ሲባል ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ሀከር ነው፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ኮፍያ አጥልቆ የሚተይብ ልጅ። የኛ መረጃ ያለው ግን ክላሰር ውስጥ፣ በየመስኮቱ ላይ፣ በሲባጎ ከታሰረ እስክሪብቶ ጎን ነው።

ሌላም አዋጅ አለ፣ የቆየ፤ 590/2000። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት ነው። እናንተ ጋዜጠኞች ከኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ማንም ዜጋ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ መጠየቅ ይችላል፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ካልተሰጠው እስከ እንባ ጠባቂ ድረስ አቤት ይላል። አሁን ይህንን ከላይ ካወራሁት ጋር አስተያዩት። ለዚያ ሕንፃ የተሰጠውን የግንባታ ፈቃድ ላየው እችላለሁ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። «የግለሰብ መረጃ ነው፣ አይሰጥም» ተባልኩ። ያው ቢሮ! የኔን ስልክ በአንድ ቀን ለባለሕንፃው የሰጠው ቢሮ፣ የሱን ፈቃድ ሲሆን የግላዊነት ጠበቃ ሆነ። ለሕዝብ ክፍት መሆን ያለበት ወረቀት ተቆልፏል፣ መቆለፍ ያለበት ተከፍቷል። ቁልፉን ገልብጠን ነው የያዝነው።

ሁሉ ይደበቅ እያልኩ አይደለም፣ ደግሜ እላለሁ። የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ሲወጣ የዕድለኞች ስም አዲስ ልሳን ጋዜጣ ላይ ይታተም ነበር። ጥሩ ነው። ዕጣ በአደባባይ መታየት አለበት፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የ25,791 ቤቶች ዕጣ ሊገቡበት የማይገባቸው ሰዎች ተገኝተውበት ሲሰረዝ አይተናል። የደረሰውን ሰው ስም ማውጣትና ጥያቄ የጠየቀን ሰው ስም ማውጣት ግን ለየቅል ናቸው። አንዱ ከመንግሥት የወሰደ ነው፣ እንየው። ሌላው ገና እጁን ዘርግቶ የቆመ ነው።

ወንጀል ለጠቆመ ሰውማ የራሱ ሕግ አለው፤ የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ 699/2003። ማንነቱ እስከመደበቅ ይደርሳል። እሱ ግን ለከባድ ወንጀል ነው። እንደኔ ስለ ቦይ፣ እንደዚያች ሴት ስለሚንኳኳ በር የሚያመለክት ሰው ለዚያ ትንሽ ነው። ትንሽ የሆነ ነገር ደግሞ ብዙ ነው፤ በየቀኑ መዝገቡን የሚሞላው እሱ ነው።

የውጭውን ሳስበው ደግሞ ዝርክርክነት የድህነት ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ታሊባን ካቡልን ከያዘ በኋላ፣ ከአፍጋኒስታን ውጡልኝ ብለው ላመለከቱ 245 ሰዎች አንድ ኢሜይል ላከ። አድራሻቸውን ሁሉም እርስ በርሱ በሚያይበት ቦታ ደርድሮ። አንዳንዱ ፎቶውም ይታይ ነበር። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሠርተው ተደብቀው ያሉ ሰዎች ናቸው እኮ! ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2023 መጨረሻ 350,000 ፓውንድ ቀጣው። በ2022 ደግሞ ከዚያው ሚኒስቴር ወደ 19 ሺህ የሚጠጉ አመልካቾች ዝርዝር የያዘ ፋይል አመለጠ፤ ሕዝብ የሰማው በ2025 ነው። ሊቁም ይሳሳታል። ልዩነቱ፣ እዚያ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን የሚቀጣ ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኖሩ ነው። የኛም ባለሥልጣን አንድ ቀን የአንዱን ቢሮ በር አንኳኩቶ «ይህ መዝገብ ለምን ተዘርግቷል?» ሲል ባይ ደስ ይለኛል። በዕድሜዬ ቶሎ ቢያደርገው።

የመታወቂያ ፎቶ ኮፒውን ነገር ረስቼው። ለመጠየቅ ብቻ ኮፒ አምጣ ይባላል። «የውሃ ቆጣሪ ማስቀየሪያ ምን ምን ያስፈልጋል?» ለማለት መታወቂያ ኮፒ! ኮፒ ቤቱ ከቢሮው በር ፊት ለፊት ነው፣ ገበያው ደርቷል። ፋይዳ ሲመጣ ይህ ይቀራል ብዬ ነበር፤ ቁጥሩን አስገብቶ፣ ስልክ ላይ በሚመጣ ኮድ ወይም በጣት አሻራ ሰውየው እሱ መሆኑን ማረጋገጥ ይቻላል። ወረቀቱ ለምን ያስፈልጋል? አሁን ግን የፋይዳውን ኮፒ ነው የሚጠይቁት፣ ከአሮጌው የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ ጋር አያይዘው። ኮፒው የት እንደሚቀመጥ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ከጠረጴዛው ሥር፣ በቢራ ካርቶን ውስጥ።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ የምጠይቀው በጀት የሚፈልግ ነገር አይደለም። መዝገቡ ላይ ስልክና የቤት ቁጥር የሚጻፍበት ዓምድ ይቅር። ባለጉዳዩ ስልኩን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ለሠራተኛው ይስጥ፣ ወረቀቷ ከፋይሉ ጋር ትቀመጥ፣ ባለጉዳዩ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ይዞ ይሂድ። ባንክ ቤት የወረፋ ቁጥር ይሰጠን የለ? ፋይል ያየ ሰው ማየቱን ፋይሉ ሽፋን ላይ ይፈርም፣ እኔም ያኔ ብፈርም ኖሮ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግልባጭ የሚሄደው ደብዳቤ ላይ የአመልካቹ ስልክ አይጻፍ። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ጥያቄው ይሁን፣ ጠያቂው አይሁን። የማያስፈልግ ወረቀት ሲወጣ ይቀደድ፣ ወይ ይቃጠል፣ ለቆራሌው አይሸጥ። እና መስኮቱ ላይ «የሚሰጡን ስልክ ለዚህና ለዚህ ብቻ ነው» የሚል አንድ ወረቀት ይለጠፍ። የመሥሪያ ቤቱን ራዕይና ተልዕኮ በወርቃማ ክፈፍ ከሰቀሉት ይህቺ አታቅታቸውም።

ባለፈው ሳምንት ጉዳዬ ስላለቀ ወደ ቢሮው ተመልሼ ልጁን «ስልኬን ከመዝገቡ ላይ ሰርዝልኝ» አልኩት። ገጹን ገለጠው፣ መስመሬን አገኘው፣ ትንሽ አሰበ። «ጋሼ፣ መዝገብ እኮ አይሰረዝም፣ ደንብ ነው» አለኝ። ምን እለዋለሁ? ያችን ሴት አየኋት፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ከኔ በላይ ያለው መስመር አሁንም እዚያው ነው። «ውሳኔ» በሚለው ዓምድ ምንም አልተጻፈበትም።

ስሜንና ስልኬን በደንባችሁ መሠረት በተለየ ወረቀት አያይዣለሁ። ጋዜጣው ላይ እንዳታወጡት፤ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ግን ደውሉልኝ፣ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ከታተመ በኋላ ያችን ወረቀት ምን እንደምታደርጓት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ቆሎ ሻጯ ከእናንተ ቢሮ ብዙም አትርቅም።

አክባሪያችሁ
የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ